የክራንቻው ቆርኪ

የሰደበው ሻምበል ማዘንጊያ ነው። ቀኑ የአብዮት በዓል ማግስት። ቦታው ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ካለው የመንግሥት እንግዳ ማረፊያ ጓሮ፣ የልብስ መተኮሻዋ ክፍል በር ላይ። ሁለት ሰዎች ቆመው ሰምተዋል። አንደኛው ሹፌር ነበር፤ ሳቀ። ሁለተኛው ዘበኛ ነበር፤ ላለመሳቅ ሰማይ ሰማዩን አየ። ከሳቀው ይልቅ ሳቁን የዋጠለት ነው የቆጠቆጠው።

«ጓድ ሻምበል፣ ስሜ...» ብሎ ነበር የጀመረው።

«ስምህን ማን ጠየቀህ?» አለው ሻምበሉ። «ከአራተኛ ክፍል ለተባረረ ሰው ስም ምን ይሠራለታል? ከዛሬ ጀምሮ ካውያ ነህ። ስትፈለግ ትሞቃለህ፤ ሳትፈለግ ትቀዘቅዛለህ። በቃ።»

ሻምበሉ ለምስጢር ሥራ ሲመለምለው ያወጣለት ስም በዚያው ጸና። ካውያ። ሻምበሉ ለራሱ «ዋርካ» የሚል መርጧል። ሰው ለራሱ ስም ሲያወጣ ዛፍ ይሆናል፤ ለሌላው ሲያወጣ ዕቃ ያደርገዋል።

ካውያ አይረሳም። በተቀደደ ሱሪው ከክፍል ያስወጣውን መምህር አልረሳም። አባቱ ሐዲድ ሲጠግን ሞቶ ቦታውን ሊጠይቅ ሲሄድ «ለተማረ ተሰጥቷል» ያለውን ጸሐፊ፣ የጸሐፊውን ክራባት ቀለም ሳይቀር አልረሳም። ዛሬም ባቡር ጣቢያው በር ላይ የልብስ ጥቅል ታቅፎ ቆሞ የሚያላምጠው ይህንኑ ነው። ጫት የሚመጣው ሰዓቱን ጠብቆ ነው። ቂም ግን ሁልጊዜ ትኩስ ነው።

ባቡሩ ጮኸ።

የጅቡቲ መንገደኛ ተንጋግቶ ወረደ። ነጋዴ ሴቶቹ እንደ ወትሯቸው ቀሚስ በቀሚስ ደርበው፣ ሁለት ሰው አክለው ወረዱ። ኮንትሮባንድ ፈታሹ ፊናንስ አንዷን በጨርቋ ጫፍ ያዛት።

«አንቺ! ስንት ቀሚስ ነው የደረብሽው?»

«በርዶኝ ነው አቦ!»

«ድሬ ላይ?»

«በሽተኛ ነኝ። ሐኪም ነህ እንዴ አንተ?»

ሰዉ ሳቀ። ፊናንሱም ሳቀ። በዚያች ሳቅ መሐል አንድ ረጅም ሰው ጨው የሞላ ጆንያ ተሸክሞ አለፈ። የጣቶቹ ጫፍ ሲሚንቶ የበላው ነው። ካውያ አጠገብ ሲደርስ ትከሻውን ሊያሳርፍ ቆመ።

«ጨው ነው?» አለ ካውያ ሳያየው።

«የባሕር ነው።»

«ባሕር ድሬ ምን አመጣው?»

«ሊያካፍሉት ነው አሉኝ።»

ቃሉ ገጠመ። ካውያ ያን ጊዜ ቀና ብሎ ፊቱን አየ። ጆሮው ሥር ያለችውን ጠባሳ አየ።

ሰማታር!

አብረው ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የጨርቅ ኳስ የጠለዙ፣ ጎርፍ ሲመጣ አብረው የሮጡ። ጠባሳዋን ያወጣችው የካውያ ድንጋይ ነበረች። ሰማታር አድጎ ግንበኛ ሆነ፤ ከዚራና መጋላ ላይ የእሱ እጅ ያልነካው በረንዳ ጥቂት ነው። ኋላ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ወረደ። ካውያ «አንድ ሰው ይመጣል» ተብሎ እንጂ ማን እንደሆነ አልተነገረውም። ሰማታርም ማን እንደሚቀበለው አያውቅም ነበር። ከንፈሩ ተከፈተ፤ ስሙን ሊጠራ ነው።

«ስም የለም» አለው ካውያ። «ጋሪው ላይ ውጣ።»

ጋሪው ወደ መጋላ አቀና። ፈረሱ ሙቀቱን እየተራገመ ይጎትታል። ካውያ ወሬ አላበዛም። ሥራው ቀላል ነበር። ሰውየውን ከነጆንያው መጋላ፣ ቡናማ በር ያለው ቤት ማድረስ። ዋርካ እዚያ ሆኖ ይረከባል። ካውያም ወደ ከሰሉ ይመለሳል።

ነገሩ ምን እንደሆነ ግን ካውያ ያውቃል። የነገረው ዋርካ አይደለም። የነገረችው ጓድ ዶክተር አስካለማርያም ናት።

ባሕር የሌላት ድሬ ዳዋ በዚያ ሰሞን ባሕር ልታካፍል ተቀምጣ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት መልእክተኞችና ከጅቡቲ የመጡት እንግዳ ማረፊያው ውስጥ አንድ ትልቅ ካርታ ዘርግተው፣ የየብሱ ወሰን አልቆ ባሕሩ ከሚጀምርበት ወዲያ ያለውን ውሃ ሊሰምሩ ይከራከራሉ። ዶክተሯ የእኛዎቹ የባሕር ሕግ አዋቂ ናት። ቀሚሷን ልታስተኩስ ጓሮ ወርዳ ከሰሉ እስኪቀጣጠል ቆማ ስትጠብቅ ካውያ ጠየቃት።

«እመቤት፣ ውሃ እንዴት ይሰመራል? አይቆምም እኮ።»

ሳቀች። በእሱ ላይ ግን አልነበረም። ካውያ የሳቅ ዓይነት ይለያል። መተኮሻው ላይ የተዘረጋውን ሸሚዝ በሁለት እጇ አስተካከለች።

«ቀኙ እኛ፣ ግራው እነሱ። የየብሱ ወሰን ባሕር የሚነካው እዚህ አንገቱ ላይ ነው። ከዚህ ወዲያ መስመሩ ሲወርድ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ከእኛም ዳር ከእነሱም ዳር እኩል እንድትርቅ ነው የሚደረገው። ዳር የምንለው ባሕሩ ሲጎድል ውሃው የሚቆምበትን ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

የወለቁ ቁልፎች ካሉበት ሰሃን አንድ አንስታ ሸሚዙ ላይ፣ ከግራው ጫፍ ራቅ አድርጋ አስቀመጠች። «አሁን ከእነሱ በኩል ድንጋይ አለ እንበል። ባሕሩ ሞልቶም የማይሰጥም። ያኔ የሚለካው ከድንጋዩ ይሆናል። መስመሩ ወደ እኛ ይገፋል።» በአውራ ጣቷ የጨርቁን መስመር ገፋችው። ብዙ ሸሚዝ ወደ ግራ ሄደ።

«ሲሞላ የሚሰጥም ከሆነስ?»

«ከዳር እንዲህ ከራቀ አይቆጠርም።»

«ሰው ቢገነባበትስ?»

ቀና ብላ አየችው። «የሰው ግንብም አይቆጠርም። ግን ማን ያረጋግጣል? ዓሣ አጥማጆቹ ክራንቻ የሚሉት ድንጋይ አለ። የእኛ የድሮ ካርታ ሰጣሚ ነው ይላል። ሙሴ ጋስፓር ደግሞ በቅርቡ ፎቶ አንስቶ፣ ሞልቶም ደረቅ ነው ብሎ መጥቷል። ማስረጃ ካላገኘሁ መፈረሜ ነው።» ቆይቶ ሻምበሉ «አንድ ሰው ይመጣል» ሲለው፣ የሚመጣው ማስረጃው እንደሆነ ካውያ ገባው።

ሙሴ ጋስፓር ከጅቡቲዎቹ ጎን በአማካሪነት የተቀመጠ ፈረንጅ የመርከብ ባለቤት ነው። መስመሩ ከተገፋ የዚያ ውሃ ዓሣ በሙሉ የእሱ መረብ ውስጥ ይገባል። ካውያ የሐር ሸሚዞቹን ተኩሶለታል። ጉርሻ ሲሰጥ ሳንቲሟን መሬት ላይ ጥሎ ነው። ይህም አልተረሳም።

ጋሪው የመጋላው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ቆመ። ካውያ ወረደ። ሰማታርን እዚያው እንዲቆይ በዓይኑ ነግሮት ብቻውን ገባ።

ድሬ ከቀትር በኋላ ሰው አይታይባትም። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ያንቀላፋል። ወንዱ ሁሉ ሽርጡን አገልድሞ፣ ቅጠሉን ከፊቱ ዘርግቶ በርጫ ላይ ነው። ነጋዴው ይቅማል። ባለጋሪው ይቅማል። ለማኙም ይቅማል፤ ሌባው እንኳ በዚያ ሰዓት ሥራ አይገባም።

ቡናማው በር ፊት ለፊት፣ ፀሐይ ላይ፣ አንድ ሊስትሮ ተቀምጧል።

ካውያ እርምጃውን አልቀየረም። ወደ ሊስትሮው ሄደ።

«ዋርያ፣ በዚህ ሰዓት ምን ታደርጋለህ?»

«ሥራ ነዋ ጌታው። ይጠረግ?»

ጌታው። ድሬ ላይ ካውያን ጌታው ያለው ሰው ተወልዶ አያውቅም። ማዶ ደግሞ ሎተሪ ሻጭ ቆሟል። በባዶ መንገድ ላይ ለማን ሊሸጥ? ለዝንብ?

«በርጫ የለህም?»

«አልቅምም።»

«ጥላስ? ጥላ ሥር አትቀመጥም?»

ሊስትሮው አልሳቀም። ወገቡ ላይ ሸሚዙ ተወጥሯል።

ሽጉጥ ነው።

ቤቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ካውያ ነው። ሌላው ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ድሬ በቀትር እንደምትተኛ ለማወቅ ያልደከመው፣ ሰዎቹን እንደ ፒያሳ መንገድ ዳር የደረደረው ዋርካ ነው። ለመረከብ ቢሆን ጠባቂ ከውስጥ ያስቀምጥ ነበር። እነዚህ መውጫውን ነው የዘጉት። የገባ እንዳይወጣ።

ሻምበሉ ሸጧቸዋል።

ካውያ ጥቅሉን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ፣ አዛጋ፣ ተመለሰ። ሰማታር ዘንድ ሲደርስ ብቻ ዞር ብሎ አየ። ሊስትሮው ተነስቷል። ሣጥኑን መሬት ላይ ትቶታል። ሣጥኑን ጥሎ የሚነሳ ሊስትሮ ካውያ አይቶ አያውቅም።

«ጆንያህን ያዝ። ተከተለኝ። አትሩጥ።»

ሁለተኛውን ቅያስ ታጥፈው ወደ ሽሬ ግቢ ገቡ። ሽሬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ኪንሲ ከጀልዴሳ የሚመጣ የግመል ወተት ትሸጣለች። ክፍሉ ሞልቷል። ሰዉ ትራሱን ተደግፎ ወሬው ሞቋል።

«ሰላም አለይኩም፣ ያ ጀመዓ!»

«ወአለይኩም ሰላም! ግቡ፣ ግቡ! ቦታ አለ!»

በርጫ ላይ የገባ ሰው ማነህ፣ ከየት መጣህ አይባልም። ይጠጋጉለታል እንጂ። አንዱ ለሰማታር ትራስ ገፋለት፣ ሌላው ቀንበጥ መዝዞ ሰጠው። ጆንያው የሽሬ ወንበር ሥር ተወሸቀ። ካውያ ከሽሬ ጆሮ ተጠጋ።

«አቦ ሽሬ፣ ከኋላዬ ሰው አለ።»

«ምን ዓይነት?»

«ጫማ ያደረገ።»

ሽሬ ሌላ አልጠየቀም። በሩ ጨለመ። ሊስትሮው ደፉን ረግጦ ቆሟል፤ እያለከለከ።

«ኧረ ጫማህን!» ሽሬ ጮኸ። «ምንጣፌ ላይ በጫማ? አባትህ ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳደገህ?»

«አንድ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ሁላችንም ሰው ነን። የትኛችንን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «እኔን ውሰደኝ፣ ሚስቴ ታመሰግንሃለች!» አለ አንዱ። ሰውየው ቀላ። ሽጉጥ እንዳይመዝ ቤቱ ሙሉ ነው፤ እንዳይገባ ጫማው አለ። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ። ማሰሪያው የወታደር ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይጠላለፋል።

ቀና ሲል ሁለት ትራስ ባዶ ነበር።

ጆንያውን ይዘው በጓሮው በር ወደ ኪንሲ ማድቤት ወጥተው ነበር። ኪንሲ አንዴ አይታቸው በሩን ከውስጥ ቀረቀረች። ሰማታር ጆንያውን ፈትቶ እጁን ጨዉ ውስጥ ከተተ። ቡጢ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ አወጣ። በአንድ ጎኑ የባሕር ቀንድ አውጣ ተለጥፎበታል። በሌላው ጎኑ፣ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ የተጫነ፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ የገባ የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ አለ።

ካውያ ሳያስበው ሳቀ። «አንተ ዛሬም አልተውክም?»

«ዓመል ነው አቦ።»

ሰማታር የሠራውን ግንብ ሁሉ ሲጨርስ ጥግ ላይ ቆርኪ ይጫናል። ከወጣትነቱ ጀምሮ። መጋላ ውስጥ «ይሄ የሰማታር በረንዳ ነው» የሚባለው በቆርኪው ነው።

«ሙሴ ጋስፓር የመብራት መሠረት ነው ብሎ በጀልባ ወሰደን» አለ ሰማታር። «ባሕሩ ሲጎድል እንገነባለን፣ ሲሞላ ጀልባ ላይ እንወጣለን። ከፍ፣ ከፍ አደረግነው። ላዩን ጥቁር ቀባው፤ ድንጋይ ይምሰል ብሎ። መብራት ግን አልመጣም። ያኔ ገባኝ። በእጄ የሰው ውሃ ነው የሚሰርቀው። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ሌባ አይደለሁም። የቆርኪዋን ጥግ በመሮ ሰበርኩና ለአንተ ሰዎች መልእክት ላክሁ።»

«የኔ ሰዎች ሸጠውሃል።»

ሰማታር ድንጋዩን ወደ ካውያ ገፋው። «ይህን ግን አልሸጡትም።»

ካውያ ቀሪውን በአጭሩ ነገረው። በርጫ ሲበተን አዳራሹ ይከፈታል፤ ዶክተሯም ትፈርማለች። ካውያ ሰማታርን ራሱ ከከተማ ካወጣ ድንጋዩ አይደርስም። ድንጋዩን ካደረሰ ሰማታር ያለ እሱ ነው የሚሄደው።

«ኪንሲ ደቻቱን ታሻግረኝ» አለ ሰማታር። «ግመሎቹ ማዶ ናቸው። ከዚያ ጀልዴሳ፤ ከዚያ አላህ ያውቃል። አንተ ሂድ።»

«አብረን...»

«ሂድ አልኩህ! ጠባሳዬን የረሳሁልህ መስሎሃል? ዕዳ አለብህ።»

ከዚያ በልጅነት ስሙ ጠራው፤ ቀስ ብሎ። ካውያ ያን ስም ከሰው አፍ ከሰማ ዘመን ሆኖታል። «ሃዬ፣ እሺ» ብቻ አለና ዞረ።

የኪንሲን የከሰል ካውያ ለመነ። ድንጋዩን በብረቱ ሆድ ውስጥ አስተኛ። ላዩ ላይ ፍም ከመረ። ክዳኑን ገጠመ።

እንግዳ ማረፊያው በር ላይ ዘበኞቹ ሦስት ሆነዋል። ያ ሳቁን የዋጠው ዘበኛም አለ።

«ጥቅሉን ፍታ።»

ፈታ። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የጠረጴዛ ልብስ።

«ይሄስ?»

«ካውያ ነው። ከሰል አልቆብኝ ከጎረቤት ፍም ለምኜ ነው።»

«ክፈተው።»

«ክፈተው አንተ።»

ዘበኛው እጁን ሰደደ። ወላፈኑ መታው። በዚያች ቅጽበት ከደቻቱ በኩል ተሰማ።

አንድ ጥይት።

ካውያ አልዞረም። አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ብቻ ዞረ።

«ምንድን ነው?» አለ አንዱ ዘበኛ።

«ውሻ እያጠፉ ይሆናል» አለ ሌላው። «ሰሞኑን በዝቷል። እለፍ አንተ፣ እጄን ልታቃጥለኝ ነው እንዴ?»

አለፈ። እግሩ እንጂ እሱ አልነበረም ያለፈው። ወደ ኋላ ቢል ምን ሊያገኝ? ወደ ፊት ቢል ምን ሊያድን? ሰማታር ሂድ ብሎታል። ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ አዲሱ የጠረጴዛ ልብስ ሳይተኮስ ተነጥፎ፣ ካርታው ላዩ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በአንድ በኩል ዶክተር አስካለማርያም ከመልእክተኞቹ መሪ ጎን ተቀምጣለች፤ ብዕሯን ይዛለች፤ ፊቷ ግን ሐዘን ቤት እንደ ተቀመጠ ሰው ነው። ማዶ የጅቡቲዎቹ ሽማግሌ፣ አቶ አብዲቃድር። ከጎናቸው ሙሴ ጋስፓር በባርኔጣው ራሱን ያራግባል። ሻምበል ማዘንጊያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ሻምበሉ ካውያን አየ። ቀለሙ ጠፋ።

«ልብሱ ተጨማዷል» አለ ካውያ ለማንም ሳይሆን። «አንዴ ላስተካክለው።»

«አያስፈልግም! ውጣ!» አለ ሻምበሉ።

ካውያ ጠረጴዛው ዘንድ ደርሶ ነበር። ክዳኑን ከፈተ። ማንኪያ የለም፤ ጉጠት የለም። ቀኝ እጁን ፍሙ ውስጥ ከተተ።

ሥጋው ጮኸ። እሱ አልጮኸም።

ድንጋዩን አውጥቶ ካርታው ላይ፣ ከዳር ራቅ ብሎ ቀይ ክብ በተደረገበት ቦታ አስቀመጠው። ወረቀቱ ጨሰ። ቆርኪው ወደ ላይ ዞሮ አበራ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ክራንቻ ነው እመቤት። ከጫፉ የተሰበረ።»

ሙሴ ጋስፓር ማራገቡን አቆመ። ዶክተሯ በመሐረብ ይዛ ድንጋዩን አገላበጠችው። ቀንድ አውጣውን አየች። ሲሚንቶውን አየች። ቆርኪውን በጥፍሯ ነካ አደረገች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ።

«ሙሴ ጋስፓር» አለች፣ «ይህ የጥንት ዓለትዎ ለስላሳ መቼ ነው የጠጣው?»

ማንም ከመሳቁ በፊት አቶ አብዲቃድር ተነሱ። መነጽራቸውን ወደ ቆርኪው አስጠጉ።

«የሰማታር ነው» አሉ። «ወላሂ የሰማታር ነው። ጅቡቲ ያለው የኔ ደጃፍ ላይም አለ፤ ልጆቼ ሊነቅሉት ሲታገሉ ነው ያደጉት።» ወደ ጋስፓር ዞሩ። ድምፃቸው አልጨመረም። «አገሬን በውሸት ልታስፈርም ነው ያመጣኸን? እኛ ድርሻችንን እንጂ የጎረቤት ውሃ አልጠየቅንህም። ተነስ ከጎኔ።»

«ይህ ሰው እብድ ነው!» ሻምበሉ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ልብስ የሚተኩስ አሽከር ነው! አውጡት!»

ካውያ ዞረ። ተረከዙን አጋጨ። በተቃጠለው እጁ ሰላምታ ሰጠ፤ ሁሉም መዳፉን አዩት።

«ጓድ ሻምበል» አለ ጮክ ብሎ፣ «ያዘዙኝን ፈጽሜአለሁ። ሰውየውን ከባቡር ተቀበል፤ ሙሴ ጋስፓር ሳያጠፋብን ማስረጃውን ጉባኤው ፊት አድርስ ብለውኝ ነበር። አድርሻለሁ።»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ሻምበሉ ዞረ።

አላዘዝኩም ቢል ታዲያ ምን አዘዝክ ሊባል ነው። አዝዣለሁ ቢል ጋስፓር እዚያው ተቀምጦ ይሰማዋል፤ ለሽያጩ ዋጋ ማርሴይ ያደርስሃል የተባለው የጋስፓር መርከብ ዛሬውኑ ያለ እሱ ይሄዳል፤ የሚመጣው ሌላ ነገር ይሆናል።

«አዎ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ከጉድጓድ የመጣ ይመስል ነበር። «አዝዣለሁ።»

«ጎበዝ ሻምበል!» የመልእክተኞቹ መሪ ተነስቶ ትከሻውን መታው። «ይህማ ያሸልማል!»

ሙሴ ጋስፓር ሻምበሉን ነው የሚያየው። በግ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ከፍቶ እንደሚያይ አየው። ሻምበሉ በላብ ተጠምቋል። ሁለት ዘበኞች ጋስፓርን ይዘው ሲያወጡት እንኳ ዓይኑን አላነሳለትም።

ካውያ የብረቱን ክዳን በግራ እጁ ገጥሞ ወጣ። በሩ ላይ ሻምበሉ ደረሰበት።

«ምን አደረግህብኝ?» አለ በሹክሹክታ። «ካውያ! ምን አደረግህብኝ?»

«ቀዘቀዝኩ ጓድ ሻምበል። እንዳሉኝ።»

ጥሎት ወጣ።

በረንዳው ላይ ፀሐዩ ጋደል ብሏል። ከተማዋ ከበርጫዋ ነቅታ የጋሪ ደወል ይሰማል። አጥሩ ማዶ ኪንሲ የወተት ዕቃዋን ይዛ ቆማለች። ዕቃው ክዳን የለውም። ወተቱ የለም። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ አሸዋ ነው።

ካውያ ወደ አጥሩ ሄደ። አልጠየቃትም።

«ሊሻገር ትንሽ ነበር የቀረው» አለች። «ያ ጫማ ያለው ነው። እኔን ገፍቶ ጣለኝ። ሰማታር ሊያነሳኝ ተመለሰ።» ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። «ለምን ተመለሰ አቦ? ለወተት ሻጭ ይመለሳል?»

«ለሱ ወተት ሻጭና ሚኒስትር አንድ ነው» አለ ካውያ። ካውያዋን በአጥሩ ላይ አሻግሮ መለሰላት። «ሽሬን ሰላም በይልኝ። እኔን አላያችሁም።»

«የት ልትሄድ?»

«እኔንጃ። ብቻ ድሬ ከእንግዲህ አታውቀኝም።»

ኪንሲ ሄደች። ካውያ ለመውጣት የበረንዳውን ደረጃ ዳር ይዞ ዞረ። ሁልጊዜ የሚረግጠው ጥግ ነው። ዛሬ ጎንበስ አለ። አቧራውን በእግሩ ገፋ። እዚያ ነበረች። ስንት ባለሥልጣን የረገጣት፣ ማንም ያላያት፣ ጠርዟ ዝጎ ከግንቡ ጋር አንድ የሆነች ቆርኪ። የሞተው ሰው ስሙን የትም ጽፎ አያውቅም። ግን ይኸው፤ ደጃፋቸው ላይ አለ፤ ባሕራቸው ውስጥም አለ። ይንቀሏት እስቲ።

«ቆይ! አንተ፣ ቆይ እባክህ!»

ዶክተር አስካለማርያም ናት። መሐረቧን በውሃ ነክራ ይዛ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። እጁን ልትይዝ ሞከረች። እጁን ከኋላው ደበቀ።

«አልፈረምኩም» አለች። «ነገ ከአቶ አብዲቃድር ጋር ሆነን ክራንቻን ሰርዘን እንደገና እንለካለን። ከዳር እስከ ዳር፤ እኩል።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሻምበሉን ሊሸልሙት ነው። እኔ ግን ዓይኑን አይቻለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። አንተ ዘንድ ስንት ጊዜ ወርጄ፣ ስንት ነገር አውርተን...» አፈረች። ወደ መሬት አየች። «ስምህ ማነው?»

ስሙ አፉ ላይ ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ጠርቶት ነበር፤ በደንብ፣ በልጅነት ድምፅ። ያ ድምፅ አሁን ደቻቱ አሸዋ ላይ ነው።

ካውያ የተቃጠለ እጁን ሽርጡ ውስጥ ከተተ። ቆርኪዋን አንድ ጊዜ አየ።

ከዚያ በሩን አልፎ፣ ከበርጫ የሚወጣው ሰው መሐል ገባ፤ መልስ ሳይሰጥ ሄደ።